ቀጀላ የቀበረው ጫማ

«ተው! ልትገድላት ነው እንዴ? ኧረ የሰው ያለህ!»

እየጮኽኩ የቀጀላን የቆርቆሮ በር በትከሻዬ ገፋሁት። ከግቢዬ ሆኜ የሰማሁት ዱላ የዋዛ አልነበረም። ቧ ያደርጋል፤ ቀጥሎ የእሱ ድምፅ «ተናገሪ! ማን ነው የላከሽ? ተናገሪ!» ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ቧ። ሃያ ዓመት በጉርብትና ስንኖር ቀጀላ በሚስቱ ላይ እጁን ሲያነሳ አይቼ አላውቅም። ሰው ግን አንድ ቀን ይጀምራልና ነጠላዬን በወጉ ሳላጣፋ ነው የሮጥኩት።

ሚስቱ ዳሲቱ በሩ አጠገብ ቆማ ምስር ትለቅማለች። አንዲት ፀጉሯ አልተነካችም።

«ማንን ነው የሚገድላት?» አለችኝ።

«አንቺን ነዋ!»

«እኔንማ ምን በወጣኝ። ጫማውን ነው።»

አየሁ። ቀጀላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሯል። ፊት ለፊቱ የባቡር ኩባንያው የሰጠው ጥቁር ቦት ጫማ ተጋድሟል። በእጁ ሽመል ይዟል።

«መጣሽ በላይነሽ? ጥሩ፣ ምስክር ሁኚ። ዛሬ ይቺን ጫማ አናዝዛታለሁ።»

«ምን ብላ ትናዘዝልህ? ግራና ቀኝ ነኝ ትበልህ?»

«ሳቂ። የሚቃጠለው ያንቺ እግር አይደል» አለና አንድ ጊዜ ደግሞ አሳረፈባት።

ለማያውቀው ልንገር። ቀጀላ ሐዲድ ፈታሽ ነው። ጠዋት ከአቃቂ ጣቢያ ይነሳና ረጅሙን መፍቻ በትከሻው አድርጎ በሐዲዱ መሀል ወደ ዱከም ይጓዛል። የላላ ብሎን ያጠብቃል፤ የተሰነጠቀ ብረት ካገኘ ቀይ ጨርቅ ይተክላል። ባቡሩ የሚያልፈው አባቱ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ስለሆነ «አባቴ በበሬ የሄደበትን እኔ በእግሬ እሄድበታለሁ» እያለ ይኮራል። ጓደኞቹም «የቀጀላ ውስጥ እግር ዓይን አለው» ይሉታል። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እንጨት፣ አንድ አግዳሚ እንኳ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ፣ ዓይኑ ሳያየው እግሩ ያውቀዋል።

ባለፈው ዓመት የፈታሾቹ አለቃ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለቀጀላ ነው ያላለ ሰው አልነበረም። የመጋዘኑ ሹም አቶ ካሳሁን ግን ከላይ ካሉት ጆሮ ገብተው ለሌላ አሰጡት። ለምን ቢሉ፣ እሳቸው ሲያልፉ ቀጀላ ከመቀመጫው አይነሳም፤ ይኸው ነው። ቀጀላም በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ሐዲድ በእግር እንጂ በወንበር አይፈተሽም!» አላቸው። አቶ ካሳሁን ሳቁና «እንግዲያው እግርህን ጠብቃት» አሉት።

በወሩ አዲስ ጫማ ታደለ። ከመጋዘን አውጥተው በእጃቸው የሰጡት አቶ ካሳሁን ናቸው። እግሩ የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለው። ቀጥሎ በርበሬ እንደነሰነሱበት ይለበልበው ጀመር። መሸት ሲል ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካው ይጮሃል። ቀን ደግሞ «ድንጋይ ረግጬ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል» ይላል። በዚህ ላይ ጥማት መጣበት። ውሃ ሲጠጣ ጣቢያ ደርሶ ማጠራቀሚያው ሥር የቆመ የድሮ ከሰል ባቡር ነው የሚመስለው። አምስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በላይ በላዩ ያወርዳል፤ እየጠጣም ይከሳል። ጓሮ ሽንቱን የሚሸናበት ግድግዳ ሥር ጉንዳን ተሰልፎ ይውላል።

«ይኸው፣ ሠራዊት ልኮብኛል» ይላል ጉንዳኑን እያሳየ።

ከአባ ሳሙኤል ማዶ አንድ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። አዋቂው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «መተት በጫማ ተልኮብሃል። ጫማይቱን ሰባት ሰባት ጊዜ ገርፈህ አናዝዛት። ከዚያ ላኪው በየቀኑ በሚረግጠው ቦታ ቅበራት። ያንተ እሳት ወደሱ ይዞራል።»

«እሺ፣ ጫማይቱ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዝም አለች። ዝምታ ማመን ነው።»

«ቀጀላ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማህም?»

«እኔ መች እጸልያለሁ አልኩሽ? እንዲቃጠል ነው የምፈልገው። በአራት እግሩ እየዳኸ መጋዘኑን ሲከፍት ማየት ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ እኔን እግዚአብሔር እንደፈለገ ያድርገኝ።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ሰው ሁሉ እያየው አካፋውን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሄደ። የሐዲድ ሠራተኛ አካፋ ይዞ ሲቆፍር ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? የመጋዘኑን ደረጃ ድንጋይ በመፍቻ ፈንቅሎ አነሳ፤ ጫማይቱን ቀበረ፤ ድንጋዩን መለሰ፤ አፈሩን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገ። ጥበቃው እንኳ «በርቱ» ብሎት ነው ያለፈው።

ከዚያ ወዲህ ቀጀላ ሐዲዱን በበረባሶ መሄድ ያዘ። ያ የተጠረበ ጠጠር በቦት ጫማም አይቻልም፤ እሱ ግን በጎማ ሰንደል። ዳሲቱ ብትለምነው «ከእሱ መጋዘን የወጣ ነገር ሁለተኛ እግሬ ላይ አይወጣም» አለ። እግሩም መቃጠሉን አልተወም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀጀላ እያነከሰ ግን እየሳቀ ግቢዬ ገባ።

«ደረሰ!» አለኝ። «ዛሬ ካሳሁን በዱላ ሄደ! ግራ እግሩን እየጎተተ! ዓይኔ ነው ያየው!»

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«እሳቱ ገባበታ! በላይነሽ፣ በእናትሽ አንድ ብርሌ ጠጅ ካለሽ ስጪኝ።»

«ያንተስ እግር ተሻለው?»

ትንሽ አሰበ። «ያቃጥለኛል። ግን አሁን ጥሩ አድርጎ ነው የሚያቃጥለኝ።»

እንዲህ ያለ ደስታ በሰርጉም ቀን አላየሁበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሲፈታ ከመጋዘኑ ትይዩ ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይቀመጣል። አቶ ካሳሁን ሲወጡ፣ ግድግዳ ሲይዙ፣ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ «እህ» ሲሉ ይቆጥራል። ማታ መጥቶ ይነግረናል፦ «ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ እህ አለ።» ዳሲቱም ምስሯን እየለቀመች «እግሩን ታጥቦ የተኛበትን ቀን እንዲህ ቆጥሮልኝ ቢሆን» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ዳሲቱ ራሷ በሬን መታች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር እይልኝ።»

ቤቷ ከበሩ እስከ አልጋው የደም ነጠብጣብ ነው። ቀጀላ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ዳሲቱ ቀኝ እግሩን አነሳችና አሳየችኝ። አንድ የዛገ ሚስማር በረባሶውን በስቶ፣ ውስጥ እግሩ ገብቶ ቁጭ ብሏል። በረባሶውን ሳያወልቅ ነው ያደረው።

«መቼ ነው የወጋህ?» አልኩት።

«እንጃ። ትናንት ይሆናል።»

«አያምህም?»

«ምንም!» አለ በደስታ። «አየሽ፣ ስፍራው ደንዝዟል። መተቱ እየለቀቀኝ ነው!»

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። ግን ሚስማር ሲወጋው የማያውቅ እግር ድኗል ማለት እንዳልሆነ ለማወቅ ያ ይበቃል። ሚስማሩን በጉጠት ስስበው እንኳ ሻይውን አላስቀመጠም።

ዳሲቱ ክሊኒክ እንሂድ ብላ ስታለቅስ አልሰማትም። እኔም ለመንኩት፤ አልሰማኝም። «ትንሽ ደማሁ እንጂ ሞትኩ እንዴ?» አለን። አምስት ቀን እንዲሁ አነከሰ። ረቡዕ ማታ ግን የቀጀላ በር በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት ትዝ አለኝ።

«ቀጀላ፣ ነገ ሐሙስ አይደል?»

«ነው።»

«የኩባንያው ሐኪም ዶክተር ቀናው ከአዲስ አበባ በሊቶሪናው ባቡር ይመጣሉ። አቶ ካሳሁን ተራ ይዘዋል አሉ። መርፌ ሊወጉ ነው። ሲጮኹ ጣቢያው ድረስ ይሰማል ይባላል።»

ቀጀላ ጺሙን ዳሰሰ። «ስንት ሰዓት ላይ?»

በማግስቱ ከእኛ ቀድሞ ክሊኒኩ በር ላይ ተገኘ።

አቶ ካሳሁን አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ ጎናቸው ተንጋደው ተቀምጠዋል። ቀጀላ ፊት ለፊታቸው ቦታ ያዘ።

«እንዴት ነህ ካሳሁን? እግርህ እንዴት አደረች?»

አቶ ካሳሁን አንተ መባላቸውን ሲሰሙ ቅንድባቸው ተነሳ። ነገር ግን ለመቆጣትም ወገብ ያስፈልጋል።

«አለች» አሉ።

«ታቃጥላለች?»

«አታቃጥልም። ከመቀመጫዬ ተነስታ እስከ ተረከዜ እንደ ሽቦ ትወጠራለች።»

«ሁለቱም?»

«ግራዋ ብቻ።»

«ጣቶችህስ? ውስጥ እግርህ? እሳት እሳት አይልህም?»

«አይለኝም አልኩህ! ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?»

ቀጀላ ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ «እሳቱ ተሳስቷል» አለኝ። «መንገድ ስቷል። እኔ እግር ብዬ ልኬ ወገብ ገብቷል።»

ዶክተሩ አቶ ካሳሁንን አስገብተው አልጋ ላይ በጀርባቸው አስተኟቸው። መጋረጃው ግማሽ ክፍት ነው። ግራ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ሲያነሱት አቶ ካሳሁን እንደ ባቡር ጮኹ። ቀጀላ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ፊቱን ማየት አስፈራኝ።

«መቼ ጀመረዎት?» አሉ ዶክተሩ።

«የብሎን ሳጥን ተሸክሜ መጋዘን ስገባ ነው። የደረጃው ድንጋይ ከዳችኝ። ሃያ ዓመት የረገጥኳት ድንጋይ ተነቃነቀችና ከነሳጥኑ ወደቅሁ።»

ቀጀላ ዓይኑን ገለጠ።

ዶክተሩ ረጋ ብለው አስረዷቸው። በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስ ከቦታው ወጣ ብሎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። የሚያመው እግር ነው፤ የተጎዳው ግን ወገብ ነው። ጠንካራ ሳንቃ ላይ እንዲተኙ፣ ከባድ እንዳያነሱ አዘዟቸው። «ብዙው ሰው በትዕግሥት ይድናል» አሉ። ከዚያ በመጋረጃው ክፍተት ወለሉን አዩ። ቀጀላ የቆመበት በደም ተለውሷል።

«እርስዎስ? ይግቡ።»

«እኔ እንኳ ጠያቂ ነኝ» አለ ቀጀላ። ዳሲቱ ከኋላ ገፋችው።

አስቀምጠው እግሩን አጠቡለት። ዓይኑን አስጨፈኑት። «ስነካዎት እዚህ ጋ ይበሉ» አሉት። በጥጥ ጣቶቹን ዳሰሱ፤ ዝም። ሲመታ የሚነዝር ሹካ የመሰለ ብረት አውራ ጣቱ ላይ አቆሙ፤ ዝም። በመጨረሻ መርፌ አነሱና ውስጥ እግሩን ወጉት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ዶክተር፣ መቼ ነው የምንጀምረው?» አለ ቀጀላ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ማንም አልሳቀም። አቶ ካሳሁን ከአልጋቸው ሆነው መርፌዋ ስትገባና ስትወጣ አይተዋል። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

ዶክተሩ ሽንቱን አስመጥተው ሰማያዊ ውሃ ባለበት የብርጭቆ ቱቦ ጨመሩና እሳት ላይ አፈሉት። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ ቀጥሎ ብጫ፤ ቀጥሎ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ይኸው ወጣ!» አለ ቀጀላ። «መተቱ ወጣ!»

«ይህ ስኳር ነው» አሉ ዶክተሩ። «ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ከሐዲዱ ጎን የስልክ ሽቦ አለ አይደል? ነርቭም እንደዚያ ነው፤ ከጀርባዎ ተነስቶ እስከ እግር ጣትዎ ይሄዳል። ስኳሩ ያንን ሽቦ ይበላዋል። የሚጀምረው ደግሞ ከሩቁ ጫፍ ነው፤ ለዚህ ነው እግር የሚቀድመው። ሽቦው ሲበላሽ መጀመሪያ የሐሰት ወሬ ይልካል። እሳት ሳይኖር ተቃጠልኩ ይላል። በኋላ ዝም ይላል። የሚያስፈራኝ ማቃጠሉ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ሚስማር ገብቶ አላወቁም። ቁስሉ ካመረቀዘ እግሩ ይቆረጣል።»

ዳሲቱ «ያ ዋቅ፣ አምላኬ!» ብላ ግድግዳውን ያዘች።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። ስኳር ያለው ሻይ ቀረ። ኪኒን በየቀኑ። እግሩን ጠዋትና ማታ ውስጡን በመስታወት ማየት፤ ራሱ ካልቻለ ዳሲቱ ታይለታለች። ማቃጠሉን አበርዳለሁ ብሎ እሳት ዳር ማስጠጋት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ የማይሰማ እግር ተቀቅሎም አይናገርም። ጫማ ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፤ ጫማውም ሰፊና ለስላሳ፣ ከካልሲ ጋር። «ስኳሩ ሲወርድ ማቃጠሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በወራት ነው እንጂ በቀናት አይደለም» አሉ። «ዝም ያለው ግን ላይመለስ ይችላል። እና ሐዲድ ላይ ሦስት ወር መሄድ የለም። ተቀምጠው ይሥሩ።»

«ጫማውስ?» አለ ቀጀላ።

«የቱ ጫማ?»

አልቻለም፤ ሁሉንም ዘረገፈው። አዋቂውን፣ ግርፋቱን፣ አካፋውን። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

አቶ ካሳሁን በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

«ድንጋዬን ያነሳሃት አንተ ነህ?»

ቀጀላ መሬት መሬት አየ።

«ስማኝ ቀጀላ። አለቃነቱን የነሳሁህ እኔ ነኝ፤ አዎ። ያስጠላኝ ነበር ያ የማይጎነበስ አንገትህ። ጫማው ግን ጫማ ነው፤ ከሳጥን አውጥቼ ሰጠሁህ፤ ቁጥሩንም አላየሁት።» ትንፋሽ አጠራቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እስከ ዛሬ የተወጋኸው አንተ ነበርክ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

በጣቢያው ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ያለው መጋዘን ብቻ ነው። ሰፊ ጫማም የሚወጣው ከዚያው ነው። የሐኪሙን ወረቀት ተቀብለው የሚፈርሙት ደግሞ አቶ ካሳሁን ናቸው። ቀጀላ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሁለት ቀን ይዞት ዞረ።

«አልለምነውም» አለኝ። «በአንድ እግር እኖራለሁ።»

«በአንድ እግርህ ወዴት ልትሄድ? እሱ ሲያነክስ ስታይ ኖረሃል። አሁን እሱ ቆሞ አንተ ስትቆረጥ ይይህ?»

ይህ ገባው። ለጤናው ያልተንቀሳቀሰ ሰው ለዚህ ተንቀሳቀሰ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት የእድር ሽማግሌዎች ይዘን ሄድን። አቶ ካሳሁን ሳንቃ ላይ ተጋድመዋል። ቀጀላ በወጉ መሠረት ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ተንበረከከ። መቼም የመረጣት ድንጋይ ትልቅ ነበረች ብዬ አልዋሽም።

አቶ ካሳሁን «አውርዳት» አሉ። «ሐኪም ያዘዘልህ ተቀመጥ ነው እንጂ ተሸከም አይደለም።» ሽማግሌዎቹን አዩ። «ይቅርታውን ስለ እናንተና ስለ እግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ቂሙ ግን የራሴ ነው፤ እሱን አቆየዋለሁ።»

«እንዲህማ አይባልም፣ ልጄ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ተብሏል» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መጋዘን ግባ፤ ስነሳ እንገናኛለን።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ። አቶ ካሳሁን እየተሻላቸው ሲመጣ ሥራቸውን ጀመሩ። ቀጀላን ጥግ በርጩማ ላይ አስቀምጠው የዛገ ብሎን ከደህናው ያስለዩታል። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እየገባ እየወጣ «ካልሲ አውልቅ» ይሉታል። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ እግሩን ወንበር ላይ አሰቅለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በየጣቶቹ መሀል ያያሉ። «ይቺ ቀላ ብላለች። ትናንት አልነበረችም። ዳሲቱ ምን ትሠራለች?» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ቀጀላ ጥርሱን ነክሶ ጣራ ያያል። አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይመጣል። የራሳቸው ላይ ስኳሩን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይጨምራሉ፤ ድምፁ እስኪሰማ ያማስላሉ። የእሱ ባዶ ነው።

ሚስማር የገባበት ቁስል ደረቀ። ማቃጠሉ በርዷል፤ ብርድ ልብስ ችሎ ይተኛል። ቀኝ አውራ ጣቱ ግን ዝም እንዳለች ነው። ሦስቱ ወር አለፈ፤ ዶክተር ቀናውም በሰፊ ጫማ፣ ቀስ እያለ፣ ሐዲዱ ላይ መመለስ ይችላል ብለው ጻፉለት። የቀረው የአቶ ካሳሁን ፊርማ ነው።

ባለፈው ዓርብ ዳሲቱና እኔ ምሳ ይዘንለት ስንገባ ቀጀላ በርጩማው ላይ የለም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛቸው ፊት ቆሟል። አንቱታው ተመልሷል።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ብሎን ስለይ ሦስት ወሬ ነው። ሰው ሁሉ እግሬን ከፊቴ ይልቅ አወቀው። በሞቴ፣ ወደ ሐዲዴ ይልቀቁኝ። ቂሙ አሁንም አልበቃዎትም?»

አቶ ካሳሁን ሻያቸውን አማሰሉ። ማንኪያዋን ልሰው አስቀመጡ።

«እሱን እንኳ» አሉ፣ «ወገቤን ጠይቃት።»